የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሥልጠናን በጉድኝት ደረጃ ማዘጋጀት፦ ለሰሜን ሸዋ ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች

ይህ ጽሑፍ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ወረዳዎች ለመምህራን የልዩ ፍላጎትና የአካቶ ትምህርት ሥልጠና እንዲያዘጋጁ ኃላፊነት ለተሰጣቸው የጉድኝት (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘሮች፣ ርዕሳነ መምህራንና የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) አስተባባሪዎች የቀረበ ነው። ሥልጠና ከክልል ወይም ከዞን እስኪመጣ መጠበቅ የተለመደ ሲሆን፣ በመጣ ጊዜም ከየትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ተጠርቶ ስለ አካል ጉዳት ዓይነቶች ገለጻ ይሰማና ማኑዋሉን ይዞ ይመለሳል፤ ማኑዋሉም ከርዕሰ መምህሩ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። እዚህ የሚቀርበው አካሄድ በተቃራኒው ነው። ሥልጠናው የሚነሣው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ከሰፈሩ ልጆች ሲሆን፣ የሚያርፈውም መምህሩ በሚቀጥለው ሰኞ ይዞት በሚገባው የትምህርት ዕቅድ ላይ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ የጎደለው ሥልጠና፣ አሠልጣኙ የቱንም ያህል አዋቂ ቢሆን፣ ክፍል ውስጥ የሚለውጠው ነገር ጥቂት ነው።

«ሰዓቱ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ የሚቀርበት ስብሰባ የለም። በተሙማ ማዕቀፍ መሠረት እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት በሙያ ማሻሻያ ሥራ ላይ እንዲያሳልፍ ይጠበቃል፤ ስለዚህ አዲስ ሰዓት ከመፈለግ ይልቅ ከዚሁ ላይ ሲሶውን ለልዩ ፍላጎት ትምህርት መመደብና በትምህርት ቤቱ የተሙማ ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ በቅድሚያ ትኩረትነት ማስፈር ይቻላል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ድጋፍ ሲጠየቅ ደግሞ የሕግ መሠረቱን በደብዳቤው ላይ መጥቀስ ይረዳል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 የሚናገረውም አካል ጉዳተኛ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር በአካባቢያቸው ትምህርት ቤት ስለመማራቸው ነው። ይህን መጥቀስ ሥልጠናውን ከበጎ ፈቃድ ሥራ ወደ መደበኛ ግዴታ ያሻግረዋል።

ቅድሚያ ልጆቹን መለየት

ርዕስ ከመመረጡ በፊት በጉድኝቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች ማንን እያስተማሩ እንደሆነ ማወቅ አለባቸው። ለዚህ ከዓመታዊው የትምህርት መረጃ ቅጽ ላይ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ቁጥር መገልበጥ አይበቃም፤ በቅጹ ላይ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዓይን የሚታየው ጉዳት ብቻ ነውና። በክራንች የሚሄደው ልጅ ይቆጠራል፤ ጆሮዋ እየመገለ መስማት የቀነሰባት ልጅ ግን «ፈዛዛ» ተብላ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች።

ለመለየት የሚረዳው ቀላል መንገድ ዋሽንግተን ግሩፕ በሚል ስም የሚታወቀው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ያዘጋጀው የአጠያየቅ ስልት ነው። አጭሩ ቅጽ ስድስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ እነርሱም ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስና ትኩረት ማድረግ፣ ራስን መንከባከብ እንዲሁም መግባባት ናቸው። መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ሳይሆን «ምንም አያስቸግረውም»፣ «ትንሽ ያስቸግረዋል»፣ «በጣም ያስቸግረዋል»፣ «ጨርሶ አይችልም» ከሚሉት አራት አንዱ ነው። ለልጆች ከዩኒሴፍ ጋር በጋራ የተዘጋጀ ሰፋ ያለ ቅጽ ስላለና መማርን፣ ጠባይንና ጭንቀትንም ስለሚጨምር፣ ከተገኘ እርሱን መጠቀም ይመረጣል።

የስልቱ ዋና ጥቅም «አካል ጉዳት» የሚለውን ቃል ሳያነሣ መጠየቁ ነው። አንዲት እናት ለምዝገባ በመጣችበት ዕለት መምህሩ «እትዬ፣ ልጅዎ የአካል ጉዳት አለበት?» ብሎ ቢጠይቃት «ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ብላ ታልፋለች። «ከብት ጥበቃ ውሎ ሲመለስ ከሩቅ ቢጠሩት ቶሎ ይሰማዎታል ወይስ ደጋግመው ነው የሚጠሩት?» ቢላት ግን «እሱማ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነው የምጠራው፤ ደፋር ሆኖብኝ እኮ ነው» ትለዋለች። ያ ልጅ በማግስቱ የጆሮ ምርመራ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። ስለዚህ የሥልጠናው የመጀመሪያ የቤት ሥራ ይህን የመሳሰሉ፣ ከአካባቢው ኑሮ የተወሰዱ ጥያቄዎችን ለስድስቱም ነገሮች ማዘጋጀት ይሁን።

ከጥያቄው በኋላ መምህሩ ራሱ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ሁለት ቀላል ሙከራዎች አሉ። ለዓይን፣ በአራት አቅጣጫ የዞረ የ«ኢ» ቅርጽ ያለበትን ሠንጠረዥ ጥላ ባለበት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ልጁን በ6 ሜትር ርቀት ማቆም፣ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ የቅርጹ እግሮች ወዴት እንደሚያመለክቱ በእጁ እንዲያሳይ ማድረግ ነው፤ ሠንጠረዡን ለማግኘት በአቅራቢያ ያለውን ጤና ጣቢያ መጠየቅ ይቻላል። ለጆሮ ደግሞ ከልጁ ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ርቆ በመቆም፣ ሌላኛውን ጆሮ አስሸፍኖ፣ ልጁ የሚያውቃቸውን ቃላት በሹክሹክታ ተናግሮ እንዲደግም መጠየቅ ነው። መምህሩ በሽታ አይመረምርም፤ የተጠራጠረውን ልጅ ከወላጁ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል እንጂ። ትራኮማ በክልላችን አሁንም ሰፊ ችግር በመሆኑና የጆሮ መምገል በጊዜ ከታከመ የመስማት ችግርን ማስቀረት ስለሚቻል፣ ብዙ ልጆች ወደ ልዩ ፍላጎት መዝገብ ከመግባታቸው በፊት እዚሁ ላይ መፍትሔ ያገኛሉ።

በአሁኑ ጊዜ በዞናችን ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና አቅጣጫ፣ ከዚያም ወዲህ በሌሎች ወረዳዎች በተከሰተው ግጭት የብዙ ልጆች ትምህርት ተቋርጧል፤ ደብረ ብርሃንም ብዙ ተፈናቃዮች የተጠለሉባት ከተማ ሆናለች። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ሳይረግጥ ቆይቶ 3ኛ ክፍል የገባ ልጅ ማንበብ ባይችል የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት ማለት አይደለም። ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚደነግጥ ወይም ዝም ያለ ልጅም ከመቸኮል በፊት ጊዜና የተረጋጋ ክፍል ይፈልጋል። ለመለየት የሚረዳው አሠራር እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ለተወሰኑ ሳምንታት ከትምህርት ሰዓት ውጭ በትንሽ ቡድን ፊደልና ቁጥር ማስተማርና በየሳምንቱ የጨመረውን መመዝገብ ነው፤ በፍጥነት የሚነሣ ከሆነ የቀረበት ትምህርቱ ነበር፣ ተረድቶ ነገ የሚረሳው ከሆነ ግን ሌላ ድጋፍ መፈለግ ይገባል። በስህተት የተለጠፈ ስያሜ ከልጅ ላይ በቀላሉ አይነሣምና፣ መዝገብ ላይ ከመጻፍ በፊት መታገሥ ይሻላል።

ከትምህርት ቤት ውጭ የቀሩትን ለማግኘት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እድሮችና የአጥቢያው አገልጋዮች ከማንም በላይ ያውቃሉ። የተሰበሰበው ዝርዝር ግን በርዕሰ መምህሩ እጅ ተቆልፎ መቀመጥ አለበት፤ በሥልጠናው ወቅት ስለ አንድ ልጅ መነጋገር ሲያስፈልግ ስሙን ትቶ «የ2ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሀ» ማለት ይበቃል።

ማን፣ መቼ፣ የት

ከየትምህርት ቤቱ አንድ ተጠሪ መጥራት የሚመስለውን ያህል ቁጠባ አይደለም። ያ ሰው ቢዛወር ሥልጠናውም አብሮት ይዛወራል። ቢያንስ ሁለት መምህራን፣ ከተቻለ ከአንደኛው እርከን፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይምጡ። ርዕሰ መምህሩ የሚፈለገው ንግግር እንዲከፍት አይደለም፤ ክፍል የሚደለድለው፣ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት የሚፈቅደውና የትምህርት ቤቱን ድጎማ በምን ላይ እንደሚውል ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ጋር የሚወስነው እርሱ ስለሆነ ነው። ከፍቶ የሚሄድ ርዕሰ መምህር ባይመጣ ይሻላል።

አሠልጣኝ ለማግኘት በቅድሚያ በወረዳው ውስጥ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የተመረቁ ወይም ልዩ ክፍል የሚያስተምሩ መምህራንን መጠየቅ፣ ቀጥሎም የደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅንና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን በደብዳቤ ማነጋገር ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ግን አካል ጉዳት ያለባቸው መምህራን ራሳቸው ናቸው። በአንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አማርኛ፣ ታሪክ ወይም ሥነ ዜጋ የሚያስተምሩ ማየት የተሳናቸው መምህራን አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ለሁለት ሰዓት መጥቶ ራሱ እንዴት እንደተማረ ቢናገርና ተሳታፊዎቹ ቢጠይቁት ከማንኛውም የስላይድ ገለጻ ይበልጣል። እዚህ ላይ ዓይን አስሮ የማስጓዝ ጨዋታን አልመክርም፤ ዓይኑን ለሩብ ሰዓት የታሰረ መምህር የሚያተርፈው ፍርሃትና ከንፈር መምጠጥ ነው፣ ዓይነ ስውሩ ዕለት ዕለት የሚጠቀምበትን ችሎታ ግን አያየውም። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውራንን ዜማና ቅኔ አስተምረው ለመምህርነት ሲያበቁ የኖሩት ልጁ በጆሮው ያለውን ችሎታ አምነው ነው።

ጊዜን በሚመለከት፣ ዋናውን ሥልጠና በሁለቱ ወሰነ ትምህርቶች መካከል ባለው ዕረፍት ማድረግ ይመረጣል። በነሐሴ የመንዝና የመርሐ ቤቴ መንገዶች አያስተማምኑም፤ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ያለበትን መምህር በክረምት መጥራት ግማሹን ቀን በጉዞ መጨረስ ነው። በምዝገባ ሰሞን ግን ስለ መለየት ብቻ የግማሽ ቀን ውይይት በየትምህርት ቤቱ ሊደረግ ይችላል። ቦታው መምህራን በእግር ደርሰው በጊዜ የሚመለሱበት የጉድኝት ማዕከል ይሁን፤ አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ማንም ሰው ሲመሽ መንገድ ላይ እንዳይገኝ ሰዓቱን ማሳጠር የግድ ነው። ለሥልጠና ወደ ከተማ መውረድ ከውሎ አበል ጋር ስለተያያዘ «አበል ከሌለ አንመጣም» የሚል ድምፅ መሰማቱ አይቀርም። ቅሬታው መሠረት የሌለው አይደለም፤ ደመወዙ የታወቀ ነውና። ቢሆንም ሻይ ቡናውን ትምህርት ቤቱ ችሎ፣ የተሳትፎው ሰዓት በተሙማ ማኅደር ላይ በትክክል እንደሚመዘገብና ለደረጃ ዕድገት በሚደረገው ምዘና እንደሚቀርብ አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ ብዙውን ያረግባል።

የጉድኝት ማዕከሉ የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል ካለው ሥልጠናው እዚያው ክፍል ውስጥ ይሁን። ማዕከሉ በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶችን በተዘዋዋሪ መምህር እንዲያገለግል የታሰበ ስለሆነ፣ መምህራን ውስጡ ምን እንዳለ ማየት አለባቸው። ቁሳቁሱ በሳጥን እንደታሸገ የተቀመጠበት ቦታ ካለ የሥልጠናው የመጀመሪያ ሰዓት ሳጥኑን መክፈት ይሁን።

ምን ይሠልጥኑ

በሦስት ቀን ሁሉንም የጉዳት ዓይነት መዳሰስ የብዙ ሥልጠናዎች ድካም ነው። በመለየቱ ሥራ ከተገኙት ልጆች በመነሣት ሁለት ወይም ሦስት ርዕሶችን ብቻ መምረጥ ይገባል። በሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች ደጋግመው የሚያጋጥሙትን ከዚህ በታች በተወሰነ ዝርዝር አቀርባለሁ።

የማየት ችግር ሲባል አብዛኞቹ ልጆች ጨርሶ የማያዩ አይደሉም፤ አሳንሰው የሚያዩ ናቸው። ለእነርሱ ፊደላችን የራሱ ፈተና አለው። «ሱ» እና «ሲ» የሚለያዩት በቀኝ በኩል የምትወጣው ጭረት ከመሃል ወይም ከግርጌ በመሆኗ ብቻ ነው፤ ቀለሙ በገረጣ ሰሌዳ ላይ በቀጭን ጠመኔ ሲጻፉ ከሦስተኛው ወንበር የተቀመጠ ልጅ አንድ ሆነው ያያቸዋል። ተሳታፊዎቹ ሁለቱን ፊደላት በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ራሳቸው ጽፈው ወደ ኋላ ሄደው ይዩአቸው። ከዚያም ሰሌዳውን ማጥቆር፣ ፊደሉን ማግዘፍ፣ ልጁን ከመስኮት ብርሃን በማያጥበረብረው በኩል ወደፊት ማስቀመጥና የሚጻፈውን እየተናገሩ መጻፍ ይለማመዱ። እየተናገሩ መጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ግን መምህር «ይህን ከዚህ ጋር ስንደምረው ያንን ይሰጠናል» ሲል የማያየው ልጅ ምንም አልሰማም። «ሰባትን ከአምስት ጋር ስንደምር አሥራ ሁለት» ማለት ልምምድ ይጠይቃል። አንዱ ተሳታፊ የሒሳብ ጥያቄ እየሠራ ሲያስረዳ ሌሎቹ «ይህ»፣ «ያ»፣ «እዚህ ጋ» ያለውን እየቆጠሩ ቢይዙለት በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩነት ይታያል።

ብሬልን በአጭር ሥልጠና ማስተማር አይቻልም፤ የሚቻለው ምን እንደሆነ ማሳወቅ ነው። ብሬል በስድስት ነጥቦች የሚጻፍ ሲሆን በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚቀመጡ አንድ ቃል በወረቀት ላይ የሚይዘው ቦታ ይሰፋል። በስሌትና በስታይለስ (በብሬል መጻፊያ ሰሌዳና በመውጊያው) ሲጻፍ ደግሞ ወረቀቱ ከጀርባው ስለሚወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፣ ተገልብጦም ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ይህን በዓይኑ ያየ መምህር ልጁ ማስታወሻ ሲይዝ ለምን እንደሚዘገይ ይገባዋል፤ ለፈተናም ተጨማሪ ሰዓት የሚሰጠው በምሕረት አለመሆኑን ይረዳል። ብሬል ራሱን ለመማር ፈቃደኛ የሆነ አንድ መምህር ከጉድኝቱ ተመርጦ ረዘም ላለ ሥልጠና ይላክ።

የመስማት ችግርን በተመለከተ ከሁሉ የሚቀድመው ወደ ሰሌዳ ዞሮ አለመናገር ነው። አሳንሶ የሚሰማ ልጅ የመምህሩን ከንፈር ያነባል፤ ግን ከንፈርም ሁሉን አይናገርም። «በራ» እና «መራ» የሚሉትን ቃላት ያለ ድምፅ በከንፈር ብቻ ቢሏቸው አንድ ናቸው፤ ተሳታፊዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሞክሩት። ስለዚህ አዲስ ቃል ሲመጣ ሁልጊዜ በሰሌዳ መጻፍ አለበት። ጨርሶ ለማይሰሙ ልጆች ጉዳዩ ከዚህ የጠለቀ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ እንጂ አማርኛ በእጅ ሲነገር አይደለም። በሥልጠናው የሚያዙት ጥቂት ሰላምታዎችና የክፍል ትእዛዛት ለልጁ ደስታ ይሰጡታል፣ የክፍል ጓደኞቹም ሊማሯቸው ይገባል፤ ነገር ግን ጥቂት ምልክት በሚያውቅ መምህር ክፍል ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ መስማት የተሳነው ልጅ ተካቷል ማለት አይቻልም። ልጁ ቋንቋውን የሚያገኘው ከሌሎች ተጠቃሚዎች ነው። በዚህ ጉዳይ በጉድኝቱ ወይም በወረዳው ያሉትን መስማት የተሳናቸው ልጆች ምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር ባለበት አንድ ትምህርት ቤት ማሰባሰብን ከወላጆች ጋር መምከር ተገቢ ነው፤ መንገዱ ረጅም ከሆነ በከተማው ዘመድ ዘንድ ስለማረፍ ጭምር።

የሚጥል በሽታ በልዩ ፍላጎት ሥልጠናዎች ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔ ግን በማንኛውም ሥልጠና ውስጥ አንድ ሰዓት እንዲይዝ አጥብቄ እመክራለሁ። ልጅ ክፍል ውስጥ ሲወድቅ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ክብሪት ተጭሮ ከአፍንጫው ሥር ይያዛል፣ በጥርሶቹ መካከል ማንኪያ ወይም እንጨት ይገባል፣ የተቀሩት ይሸሻሉ። ሦስቱም መቆም አለባቸው። ተሳታፊዎች አንዳቸው መሬት ላይ ተኝተው በተግባር ይለማመዱ፤ በዙሪያው ያለውን ወንበርና ድንጋይ ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ነጠላ ወይም ጃኬት ማድረግ፣ እጅና እግሩን አለመያዝ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛትና ሰዓት መመልከት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በሽታው በትንፋሽ ወይም በለሐጭ እንደማይተላለፍ ለክፍሉ ልጆች በግልጽ ይነገራቸው። ወላጆች ልጁን ወደ ጸበል፣ በአካባቢያችን በተለይ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ሊወስዱት ይችላሉ፤ መምህሩ ከዚህ ጋር ክርክር ውስጥ መግባት የለበትም። የሚያስፈልገው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ ማስኬድ እንደሚቻልና ያለ ሐኪም ምክር መድኃኒት ማቋረጥ አደገኛ መሆኑን በአክብሮት መናገር ነው። ቄሱ ይህንኑ ቢናገሩለት ደግሞ ይበልጥ ይሰማል።

ለመንቀሳቀስ ለሚቸገሩ ልጆች የክፍሉን ቦታ መለወጥ ከሁሉ ይቀድማል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ይደነግጋል። መወጣጫ ሲሠራ በስፋት የሚታወቀው መለኪያ ለእያንዳንዱ ከፍታ 12 እጥፍ ርዝመት ስለሆነ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ደረጃ 3 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር መወጣጫ ያስፈልጋል። ከዚህ ያጠረ ዳገት ተሽከርካሪ ወንበርን ያንሸራትታል። መጸዳጃ ቤቱም አይረሳ።

ቀስ ብለው ለሚማሩ ልጆች መምህሩ የሚሠለጥነው ሥራን በመሸንሸን ነው። «እስከ ሃያ መቁጠር» አንድ ሥራ አይደለም፤ የቃል ቆጠራ፣ ዕቃን አንድ በአንድ እየነኩ መቁጠር፣ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉ ብዛት መሆኑን መረዳት፣ ቁጥሩን በጽሑፍ ማወቅ ለየብቻ ናቸው። የባቄላ ፍሬ በእጁ የያዘ ልጅ የትኛው ላይ እንደቆመ በሁለት ደቂቃ ይታወቃል።

ሠርቶ ማሳየትና ክትትል

ተሳታፊዎች ሲመጡ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተምሩትን መማሪያ መጽሐፍ ይዘው እንዲመጡ በጥሪው ደብዳቤ ላይ ይገለጽ። በመጨረሻው ቀን የተለመደውን የዕለት ትምህርት ዕቅድ በግራ በኩል፣ ለተመረጠው ልጅ የሚለወጠውን ደግሞ በቀኝ በኩል ይጽፋሉ። የቀኙ ረድፍ አጭር ይሁን፤ «ጥያቄውን በቃል አነብለታለሁ» ወይም «ከአሥሩ ጥያቄ አራቱን ይሠራል» ይበቃል። ከዚያም እያንዳንዱ ለሩብ ሰዓት ያስተምራል፣ ሌሎች ተማሪ ይሆናሉ። አስተያየት ሰጪው መምህሩን ሳይሆን የተመረጠውን «ልጅ» ቦታ ብቻ ይመለከታል፤ ያ ልጅ በዚህ ሩብ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ተሳተፈ፣ ምንስ ሳይደርሰው ቀረ?

ከሥልጠናው ሁለት ሳምንት በኋላ ሱፐርቫይዘሩ ወይም የሥራ ባልደረባው በክፍል ይገኛል። እዚህ ላይ ከተለመደው የክፍል ምልከታ መለየት ያስፈልጋል። በምልከታ ቅጽ ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ መምህሩ ያን ቀን የተዋበ ትምህርት ያሳያል፣ በማግሥቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ምልከታው ነጥብ የሌለው እንደሚሆን አስቀድሞ ይነገረው፤ ታዛቢውም ከኋላ ከመቀመጥ ይልቅ ከልጁ አጠገብ ይቀመጥና ልጁ ያደረገውን ብቻ በማስታወሻ ይያዝ። ውይይቱ በዚያው ቀን፣ ለብቻ፣ ከሻይ ጋር ቢሆን ይበጃል።

ከፍ ያለ ድጋፍ ለሚፈልጉ ልጆች የግል ትምህርት ዕቅድ ይዘጋጃል። ዕቅዱ አንድ ገጽ ቢሆን ይሻላል፤ ረጅሙን ማንም አያነበውም። ልጁ አሁን የሚችለው ነገር፣ እስከ ወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ የሚደርስበት አንድ ወይም ሁለት ግብ፣ ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚያግዘው፣ መቼ እንደሚገመገም ይጻፍበት። «የማንበብ ችሎታውን ያሻሽላል» ግብ አይደለም፤ «የግዕዝና የካዕብ ፊደላትን አይቶ ይለያል» ግብ ነው። ወላጁ ማንበብ ባይችልም ዕቅዱ ተነብቦለት ሐሳቡን ይሰጥ፤ ብዙ ጊዜ መምህሩ የማያውቀውን የልጁን ችሎታ የሚናገረው እርሱ ነው። ቤት ውስጥ በጎችን በመልካቸው ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ክፍል ውስጥ ቅርጾችን መለየት አይሳነውም።

ለሕዝቡ ማሳወቅና ለወረዳው መላክ

ትምህርት ቤቱ የጀመረውን ሥራ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ልጆቻቸውን ቤት ያስቀሩ ወላጆች የሚያመጡት ሌሎች መቀበላቸውን ሲሰሙ ነው። በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ለተማሪዎች፣ በወላጆች ስብሰባና በእድር ለጎልማሶች መንገር ይቻላል። የሚነገረው ግን ተግባራዊ ይሁን፤ ምዝገባ መቼ እንደሆነ፣ ማንን ማነጋገር እንደሚገባ፣ ልጁ ማየት ወይም መስማት ቢቸገር ምን ድጋፍ እንደሚያገኝ። ልጆችን በሰልፍ ላይ አውጥቶ «እነዚህን እንርዳ» ማለት፣ ፎቶግራፋቸውን ያለ ወላጅ ፈቃድ መለጠፍ ወይም ማሰራጨት ፈጽሞ አይገባም። ቋንቋችንም ይጠበቅ፤ «ደንቆሮ» እና «ዕውር» ከሚኒ ሚዲያ ማይክሮፎን መውጣት የለባቸውም። ዜናውን የሚያነቡት ተማሪዎች ስለሆኑ ጽሑፉን አስቀድሞ መምህር ይይላቸው።

ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚላከው ሪፖርት ከሠለጠኑት መምህራን ቁጥር ባሻገር ስለ ልጆቹ የሚናገር መሆን አለበት። ስንት ልጆች ተለዩ፣ ስንቱ ወደ ጤና ተቋም ተልከው ምን መልስ አገኙ፣ ለስንቱ የግል ዕቅድ ተዘጋጀ፣ በክትትሉ ወቅት ምን የክፍል ለውጥ ታየ፣ ምን ሳይሆን ቀረ የሚሉት ነጥቦች በአንድ ገጽ ተኩል ይጠቃለላሉ። በስተመጨረሻው አንቀጽ የሚጠየቀው ድጋፍ በዓይነትና በብዛት ተለይቶ ይጻፍ፤ «የትምህርት መርጃ መሣሪያ እጥረት አለ» ከማለት «አምስት ስሌትና ስታይለስ፣ ሁለት ደስታ የብሬል ወረቀት» ማለት ለጽሕፈት ቤቱ የበጀት ባለሙያ ሥራውን ያቀልለታል። የሪፖርቱ ግልባጭ ለዞን ትምህርት መምሪያ ቢላክ፣ በሌላ ወረዳ ተመሳሳይ ልጆች ያሏቸው ጉድኝቶች እርስ በርስ አሠልጣኝ እንዲዋዋሱ መንገድ ይከፍታል።